ሰኞ የሚጠናው ሕመም፦ የጥጥ አቧራ፣ አስምና የአቃቂ ሠራተኛ ትንፋሽ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ የደብረ ዘይት መንገድና የቀድሞው የባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን በሚወርዱበት ሜዳ ላይ የሚገኘው አቃቂ በኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በዚሁ ሜዳ ላይ ነበር። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብም ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ወንዝ፣ ሐዲድ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና ለዋና ከተማይቱ ገበያ መቅረብ በአንድ ስፍራ ስለ ተገናኙ፣ ፋብሪካዎች ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ተራ በተራ መቆማቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ከእነዚህም መካከል በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በህንድ የቢርላ ኩባንያ ተሳትፎ የተቋቋመው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለአካባቢው ሕዝብ ዋነኛ የሥራ በር ከከፈቱት አንዱ ነበር። በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ሰባ ሁለት የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ይዞታ በተዛወሩበት ዘመን የፋብሪካዎቹ ባለቤትነት ተለወጠ፤ የአበጣሪው ማሽን አሠራር ግን አልተለወጠም።

ስለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቻችን የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ምርቱ፣ ስለ ካፒታሉና ስለ ደመወዙ ነው። ሠራተኛው በአዳራሹ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሙሉ ስለሚስበው አየር ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አየሩ እንደ ኮተኑ ክር የፋብሪካው ውጤት ነው፤ ልዩነቱ ክሩ ተመዝኖ መጋዘን ሲገባ፣ አየሩ ሳይመዘን ሳንባ መግባቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ያልተመዘነውን ምርት ነው።

ከደጋን እስከ አበጣሪ ማሽን

ጥጥ በአገራችን ከፋብሪካ በፊት ብዙ ዘመን የኖረ ሙያ ነው። ፍሬው በመዳመጫ ይለያል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ይባዘታል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ድርና ማግ ሆኖ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ይወርዳል። በደጋን ጥጥ የነደፈ ሰው ሁሉ አቧራውን ያውቀዋል። ነገር ግን ሥራው የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በግቢ ወይም በደጃፍ ነበር፤ የጥጡም መጠን ለአንድ ቤተሰብ ልብስ የሚበቃ ያህል እንጂ በኩንታል የሚቈጠር አልነበረም። ብናኙን ነፋስ ይወስደዋል፤ ፈታይዋም በደከማት ጊዜ እንዝርቷን አስቀምጣ ወደ ሌላ ሥራ ትነሣለች።

ፋብሪካው የለወጠው የጥጡን ጠባይ ሳይሆን መጠኑን፣ ፍጥነቱንና የቦታውን ስፋት ነው። ተጠቅጥቆ የታሰረው ጥጥ በመጀመሪያው ክፍል ተከፍቶ በማሽን እየተመታ ይጸዳል። በሁለተኛው ክፍል በሽቦ ጥርስ በተሸፈኑ፣ በፍጥነት በሚሽከረከሩ ከበሮዎች መካከል አልፎ ይበጠራል። ቅጠሉ፣ የአበባው ቅርፊት፣ አፈሩና የተሰበረው አጭር ጭረት የሚለየው በእነዚህ በሁለቱ ክፍሎች ስለ ሆነ፣ አቧራው የሚበዛውም በእነርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት የመፍተያና የሽመና ክፍሎች ብናኙ ቢቀንስም ሌላ ችግር ይመጣል። ክሩ እንዳይበጠስ የክፍሉ እርጥበት ተጠብቆ መቆየት ስላለበት፣ መስኮትን ከፍቶ ነፋስ ማስገባት ምርቱን የሚጎዳ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለክሩ የተመቸው አዳራሽ ለፈታዩ ላይመች ይችላል።

የሰኞ ሕመም ታሪክ

ይህ ችግር በኢትዮጵያ የተጀመረ አይደለም። የሥራ በሽታዎች ጥናት አባት የሚባለው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 በሞዴና ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተልባና ቃጫ የሚያበጥሩ ሠራተኞች የሚያስጨንቅ ሳል እንደሚይዛቸው ጽፎ ነበር። የእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች በተስፋፉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1831፣ ጄምስ ፊሊፕስ ኬይ የተባለው የማንቸስተር ሐኪም የፈታዮችን የሳንባ ሕመም ለይቶ ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1845 ደግሞ ማሬስካና ሔይማን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በቤልጅየም የጌንት ከተማ የጥጥ ሠራተኞችን ሲመረምሩ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ፤ ሠራተኞቹ አቧራው ከሁሉ ይልቅ ሰኞና ማክሰኞ እንደሚያስቸግራቸው ነገሯቸው።

ማንም ሰው ዕረፍት ጤናን ይመልሳል ብሎ ይገምታል። በዚህ በሽታ ግን ሠራተኛው እሑድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ፣ ሥራ በጀመረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደረቱ እንደ ታሰረ ይሰማዋል፤ ትንፋሹም ያጥረዋል። በማግስቱ ይቀልለታል። ይህ ዓይነቱ ቅደም ተከተል ከተራ ጉንፋንም፣ ከሳንባ ነቀርሳም የሚለየው ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 አድሪያን ፕሩስት የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ለበሽታው፣ ስስ ልብስ ከሚያመለክተው ከግሪኩ «ቢሶስ» ቃል በመነሣት፣ ቢሲኖሲስ የሚል ስም ሰጠው።

ስም ማግኘት ግን ካሣ ማግኘት አልነበረም። በብሪታንያ በሽታው በሕግ ካሣ የሚያስገኝ ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን፣ ያውም ቢያንስ ሃያ ዓመት በሥራው ላይ ለቆየና ሙሉ በሙሉ መሥራት ለተሳነው ሰው ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሺሊንግ የተባለው ሐኪም በላንክሻየር ባደረገው ጥናት ሕመሙን በደረጃ ከፈለው፦ አልፎ አልፎ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የሚሰማ የደረት መጨነቅ፤ በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን የሚደርስ፤ ወደ ሌሎቹም ቀናት የሚዘልቅ፤ በመጨረሻም የማይመለስ የትንፋሽ ጉድለት ያስከተለ። የደረጃው ትርጉም ግልጽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሠራተኛው ከአቧራው ቢርቅ ይድናል፤ በመጨረሻው ደረጃ ግን ቢርቅም ያጣውን መልሶ አያገኝም። ስለዚህ የሰኞ ጭንቀት ገና ጊዜ ሳለ የሚደወል ደወል ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1978 በክር ማምረቻ ክፍሎች የሚፈቀደውን ደቃቅ የጥጥ አቧራ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.2 ሚሊግራም፣ በሽመና ክፍሎች ደግሞ 0.75 ሚሊግራም እንዲሆን ወሰነ። የፋብሪካ ባለቤቶች ወጪው ከጥቅሙ ጋር አልተመዘነም ብለው ተከራከሩ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ሕጉ የሠራተኛውን ጤና ያስቀደመው አስቀድሞ መዝኖ ነው ሲል ደንቡን አጸና።

በአገራችን የተገኘው ልኬት

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በመሣሪያ የተለካው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በብሪታንያ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት፣ በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረዋል። በልዩ ልዩ ክፍሎች የተለካው ደቃቅ አቧራ በአንድ ሜትር ኩብ ከ0.86 እስከ 3.52 ሚሊግራም ነበር። ይህም ከ0.2 ሚሊግራሙ ወሰን ከአራት እጥፍ በላይ ጀምሮ እስከ አሥራ ሰባት እጥፍ የሚደርስ ነው፤ ዝቅተኛው ልኬት እንኳ ለሽመና ክፍል የተፈቀደውን 0.75 ያልፋል። ቢሲኖሲስ በጥጥ መክፈቻው ክፍል ሠራተኞች ላይ 43.2 በመቶ፣ በአበጣሪዎቹ ላይ 37.5 በመቶ፣ በሌሎች ክፍሎች ከ4 እስከ 24 በመቶ ተገኘ። አስም ደግሞ እንደየክፍሉ ከ8.5 እስከ 20.5 በመቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የታተመውና በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተካሄደው ጥናትም የቢሲኖሲስን መጠን 38 በመቶ አድርሶታል። ከመጀመሪያው ጥናት እስከ መጨረሻው ሃያ ዓመት ገደማ አልፏል፤ ችግሩ ግን አልጠፋም።

እነዚህን ቁጥሮች የሚያነብ መሐንዲስ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። በፋብሪካ ውስጥ የሚደረግ ቆጠራ የሚያገኘው በሥራ ላይ ያሉትን ሰዎች ብቻ ነው። ሕመሙ ጠንቶበት ሥራውን የለቀቀ፣ ጡረታ የወጣ ወይም የሞተ ሠራተኛ በቆጠራው ዕለት በማሽኑ አጠገብ አይገኝም። ስለዚህ 38 በመቶ የሚለው ቁጥር ችለው የቀሩት ሰዎች ቁጥር ነው፤ ሳይችሉ የሄዱት አልተቈጠሩበትም።

የትንፋሽ ቧንቧና የኑሮ ልክ

ቢሲኖሲስና አስም አንድ በሽታ አይደሉም። ቢሲኖሲስ ከጥጥ፣ ከተልባና ከቃጫ አቧራ፣ በተለይም በጥጡ ቅጠልና ቅርፊት ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከሚወጣው መርዛማ ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። አስም ግን ብዙ ምክንያቶች የሚቀሰቅሱት፣ የአየር ቧንቧዎች የቆየ ብግነት ነው፤ የቤት አቧራ፣ የማገዶና የከሰል ጢስ፣ ብርድና ጉንፋን ሁሉ ይቀሰቅሱታል። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። አስም ያለበት ሰው በአበጣሪው ክፍል ሲመደብ፣ የተቆጣ ቧንቧው በየዕለቱ አዲስ ቊጣ ይጨመርበታል።

ስለ ቧንቧ ለመሐንዲስ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ፈሳሽ ሳይናወጥ በሚፈስበት ቧንቧ ውስጥ ተቃውሞው ከግማሽ ስፋቱ አራተኛ ኃይል ጋር በተቃራኒ ይለዋወጣል፤ የቧንቧው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ ተቃውሞው አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። የሳንባ ቧንቧዎች ከዚህ ቀላል ሒሳብ የተወሳሰቡ ቢሆኑም መሠረቱ ያው ነው። ጥቂት እብጠት ብዙ ትንፋሽ ይነሣል፤ ጥቂት መሻሻልም ብዙ ትንፋሽ ይመልሳል። አስምን መቆጣጠር የሚያስገኘው ጥቅም ከሚጠበቀው በላይ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሕክምናው ታሪክም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። መጠኑን ለክቶ የሚረጨው የኪስ ኢንሄለር እ.ኤ.አ. በ1956 ወጣ። ቧንቧውን በፍጥነት የሚከፍተው ሳልቡታሞል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ፣ ብግነቱን ራሱን የሚያበርደው የሚሳብ ቤክሎሜታዞን በ1972 እ.ኤ.አ. ተከተሉት። የሁለቱ መድኃኒቶች ልዩነት ዛሬም በብዙ ሕመምተኛ ዘንድ በሚገባ አይታወቅም። የመጀመሪያው ወዲያው ስለሚያስተነፍስ ይወደዳል፤ ሁለተኛው በዚያው ዕለት የሚታይ ለውጥ ስለማያመጣ ይዘነጋል። እሳቱን ሳያጠፉ ጢሱን ማራገብ እንደ ማለት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ሳልቡታሞልን ለብቻው መጠቀም እንዲቀር የመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐኪሞች ከልኬቱ ይልቅ የኑሮውን ሁኔታ መጠየቅ የጀመሩት ደግሞ በቅርቡ ነው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲዋ ኤሊዛቤት ጁኒፐር እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣችው ባለ ሠላሳ ሁለት ጥያቄ መለኪያ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን የተከለከለውን ሥራ፣ የሚሰማውን ፍርሃትና የሚሸሸውን ስፍራ ሁሉ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አጭሩ ፈተና ደግሞ አምስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። ባለፉት አራት ሳምንታት ሕመሙ ከሥራ ምን ያህል አስተጓጐለህ፣ ምን ያህል ጊዜ ትንፋሽ አጠረህ፣ ስንት ሌሊት ከእንቅልፍ ቀሰቀሰህ፣ ስንት ጊዜ ማስታገሻ መድኃኒት ወሰድህ፣ ራስህስ ሕመሙን ምን ያህል ተቈጣጥሬዋለሁ ትላለህ። ከ25 ነጥብ 20ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ነው ይባላል።

በእነዚህ ጥያቄዎች የአቃቂን ሠራተኛ መመርመር ይቻላል። ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያደረ ሰው በማለዳው ፈረቃ እጁ ይዘገያል፤ ክሩ ሲበጠስበት ቶሎ አይቀጥልም፤ በሚሽከረከር ማሽን አጠገብም ትኩረቱ ይደክማል። በቀረበት ቀን ደመወዙ ይጎድላል፤ በሳለ ቁጥር ጎረቤት ነቀርሳ ነው ብሎ ይሸሸዋል። ልጁን አዝሎ ዳገት መውጣት፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ለመትከል መሄድ፣ ዕድር ሲጠራው ፈጥኖ መድረስ ሁሉ ያቅተዋል። በአቃቂ የሰው ክብር የሚታወቀው በእነዚህ ነገሮች ስለ ሆነ፣ ትንፋሽ ያጣ ሰው የሚያጣው አየር ብቻ አይደለም።

ቁጥጥሩ ምን ያህል እንደ ራቀ ደግሞ የራሳችን ከተማ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአዲስ አበባ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ክትትል ባላቸው የአስም ሕመምተኞች ላይ የታተመ ጥናት፣ ከግማሽ የሚበልጡት ሕመማቸው ከቁጥጥር ውጭ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ሐኪም ዘንድ የደረሱ ናቸው። በሌላ በኩል የሚቻለውን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 ባካሄደችው አገር አቀፍ የአስም ፕሮግራም፣ ሕመምተኞች በሆስፒታል ተኝተው የሚያሳልፏቸው ቀናት ከግማሽ በላይ ቀነሱ፤ ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት የሚወጣው ወጪም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ወረደ። ይህም የተገኘው በአመዛኙ በሽታውን በጊዜው በመለየት፣ የሚሳበውን ፀረ ብግነት መድኃኒት ቀደም ብሎ በመጀመርና ሕመምተኛውን ራሱን በማስተማር ነው።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉዳዩ የሐኪም ነው ብሎ መተው ቀላል ነው። ነገር ግን ሐኪም ያስተነፈሰውን ሰው ወደዚያው አዳራሽ መመለስ፣ የፈሰሰ ውሃ እየጠረጉ ቧንቧውን አለመዝጋት ነው። ቁጥጥር የሚለው ቃል በሕክምናም በምሕንድስናም አንድ ነው፤ የሚጀመርበት ስፍራ ግን ይለያያል። የሐኪሙ ከሕመምተኛው ደረት ይጀምራል፤ የመሐንዲሱ ከማሽኑ አፍ ይጀምራል።

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ንጹሕ ጥጥ መግዛትና ማሽኑን መክደን፤ ቀጥሎ አቧራውን ከሚነሣበት ስፍራ መጥጦ በማጣሪያ ማለፍ፤ ከዚያም የክፍሉን አየር መለወጥ፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ከሁሉ በኋላ ይመጣል። በተግባር ግን ርካሹ መሸፈኛ ስለ ሆነ መጨረሻው መጀመሪያ ሲደረግ ይታያል። ተራ ጨርቅ ደቃቁን አቧራ አያግድም፤ ደህና ማጣሪያ ያለው መሸፈኛም ቢሆን ቀድሞውኑ አየር ለቸገረው የአስም ሕመምተኛ ተጨማሪ ተቃውሞ ነው። ማሽንን በታመቀ አየር እየነፉ ማጽዳትም የወደቀውን አቧራ መልሶ ወደ አየር ማንሣት ስለ ሆነ፣ በመምጠጫ ማጽዳት ይሻላል።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ እፍጋት ጋር ስለሚወርድ፣ ለባሕር ጠለል የተሠራ የመምጠጫ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሽከረከር ከአንድ አምስተኛ የሚበልጥ ግፊት ይጎድለዋል። ከውጭ በመጣ ካታሎግ ብቻ ተመርጦ የተተከለ መሣሪያ በወረቀት ላይ በቂ ሆኖ በተግባር የሚያንሰው በዚህ ጊዜ ነው። በዚያው ሜዳ የሚተነፍሰው ሠራተኛም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያነሰ ስለ ሆነ፣ በበሽታ የሚያጣው ትንፋሽ ከትርፉ ላይ ሳይሆን ከመሠረቱ ላይ የሚቀነስ ነው።

ሕጉ በበኩሉ ዝም አላለም። ከ1968ቱ የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 64 ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 ድረስ፣ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ኢትዮጵያም የዓለም ሥራ ድርጅትን 155ኛ ስምምነት፣ ይኸውም የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነትን፣ በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሕግ ግን አቧራ አይለካም። በየክፍሉ ያለውን አቧራ በየጊዜው የሚለካ መሣሪያ፣ ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊትና ከፈረቃው በኋላ የሠራተኛውን ትንፋሽ የሚመዘግብ ስፓይሮሜትር፣ ውጤቱንም ተመልክቶ አስም ያለበትን ሰው ደመወዙን ሳያጎድል ከአበጣሪው ክፍል ወደ ሌላ የሚያዛውር ኃላፊ ያስፈልጋል። ደመወዝ የሚጎድል ከሆነ ግን ሠራተኛው ሕመሙን ይሰውራል እንጂ አይናገርም፤ ያን ጊዜም የሚሰበሰበው መዝገብ ሐሰት ይሆናል።

የአዲስ ፋብሪካ ንድፍ ሲቀርብ የስፒንድሉ ብዛት፣ የኃይሉ ፍጆታና የክሩ ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሰፍራል። በዚያው ገጽ ላይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚኖረው አቧራ በሚሊግራም ቢጻፍና መሐንዲሱ ቢፈርምበት፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በሞዴና የተጻፈው ሳል በአቃቂ ሜዳ መደገሙን ያቆማል። ውጤቱን ለማወቅም ረቂቅ መሣሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ አበጣሪው ክፍል ገብቶ ሠራተኛውን ደረትህ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።